ጥንድ ጉልበቶችና ኖርማል ፎርስ፦ ረከቦቱ ሲኒውን ሲገፋው

ረከቦት ላይ በተቀመጠ ሲኒ ላይ ስንት ጉልበት እየሠራ ነው? አብዛኛው ሰው «ምን ጉልበት አለ፣ ተቀምጧል እኮ» ይላል። ሁለት አለ። ምድር ሲኒውን ወደ ታች ትስበዋለች፣ ረከቦቱ ደግሞ ሲኒውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ይህ ሁለተኛው ነው ኖርማል ፎርስ የሚባለው።

«ኖርማል» እዚህ ላይ «የተለመደ» ማለት አይደለም። በላቲን ኖርማ የአናጢ ስኳድራ ነው፤ ስለዚህ ከሚነካው ገጽ ጋር 90 ዲግሪ ሠርቶ የሚገፋ ጉልበት ማለት ነው። ወለል ላይ ሽቅብ፣ ግድግዳ ስትደገፉ ወደ ጎን፣ ተዳፋት ላይ ጋደል ብሎ ይገፋል። እንጨት እንዴት ይገፋል? ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ስትቀመጡ ይሰረጉድና ተጨምቆ መልሶ ይገፋችኋል። እንጨትና ሲሚንቶም እንደዚያው ናቸው፣ ስርጉዳታቸው ብቻ በዓይን አይታይም።

ጥንዱ ጋ እንምጣ። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ፕሪንኪፒያ በተባለው መጽሐፉ ላይ ባስቀመጠው ሦስተኛ ሕግ መሠረት አንዱ አካል ሌላውን ሲገፋ ወይም ሲስብ፣ ሌላውም በዚያው ቅጽበት፣ በዚያው መጠን፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ያንኑ ያደርግበታል። ጥንድ የሚባሉት እነዚህ ሁለት ጉልበቶች ናቸው። ድንጋይን በጣት ብትጫኑ ድንጋዩም ጣታችሁን ይጫናል፤ ምሳሌው የራሱ የኒውተን ነው። «ድርጊትና አጸፋ» የሚለው አጠራር ግን አይመቸኝም። አጸፋ ሲባል አንዱ መትቶ ሌላው ቆይቶ ብድሩን የሚመልስ ይመስላል። እዚህ ቀዳሚና ተከታይ የለም።

ተማሪን ነጥብ የሚያስጥለው ይህ ነው፦ የሲኒው ክብደት (ምድር እሱን የምትስብበት ጉልበት) እና ኖርማል ፎርሱ እኩልና ተቃራኒ ስለሆኑ «ጥንድ ናቸው» ይባላል። አይደሉም። ለማጣራት አማርኛችን ራሱ ይበቃል፣ «ን»ዋን ማዘዋወር ነው። «ረከቦቱ ሲኒውን ይገፋዋል» የሚለው ጥንዱ «ሲኒው ረከቦቱን ይገፋዋል» ነው። «ምድር ሲኒውን ትስበዋለች» የሚለው ደግሞ «ሲኒው ምድርን ይስባታል» ነው። አዎ፣ ይስባታል። 100 ግራም የሚመዝን ሲኒ ምድርን ወደ 1 ኒውተን (በስሙ የተጠራው የጉልበት መለኪያ) በሚጠጋ ጉልበት ይስባታል፤ የእሷ መጠነ ቁስ በኪሎ ሲጻፍ 6 ብሎ 24 ዜሮ ስለሚያስከትል ምንም አይመስላትም። ክብደቱና ኖርማል ፎርሱ ግን ሁለቱም ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ሲኒውን» የሚል አለባቸው። አንድ አካል ላይ ነው የሚሠሩት፤ ጥንድ ደግሞ ምንጊዜም ለሁለት አካል የተከፋፈለ ነው።

እኩልነታቸውም ቢሆን ሁሌ የሚዘልቅ አይደለም። የእግረኛ መንገድ ላይ ሚዛን ዘርግተው «እንመዝናችሁ» የሚሉ ልጆች ጋ ስትደርሱ ሞክሩት። ሚዛኑ ላይ ቁሙና የጓደኛችሁን ትከሻ ጫን በሉ፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ምድር የምትስባችሁ ግን አልቀነሰም። ሚዛን የሚያነበው እግራችሁና እሱ የሚገፋፉበትን ጉልበት ነው፣ ማለትም ኖርማል ፎርሱን። 60 ኪሎ የሆነ ሰው ያንኑ ሚዛን ይዞ አሳንሰር ውስጥ ቢገባስ? ክብደቱ 588 ኒውተን ነው። አሳንሰሩ ሽቅብ በሰከንድ ካሬ 2 ሜትር እየፈጠነ ሲነሳ ኖርማል ፎርሱ 708 ኒውተን ይሆንና ሚዛኑ 72 ኪሎ ገደማ ያሳያል፤ በዚያው ልክ እየፈጠነ ቁልቁል ሲጀምር ደግሞ 48 ገደማ። ፍጥነቱ አንድ ወጥ ከሆነ ተመልሶ 60 ነው። እውነተኛ ጥንድ ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ አይለያዩም ነበር፤ ጫማውና ሚዛኑ የሚገፋፉበት ጥንድ ግን በሁሉም ሁኔታ እኩል ነው።

አንድ የቆየ ጥያቄ ይቀራል። ፈረሱ ጋሪውን በሳበው ልክ ጋሪውም ፈረሱን ወደ ኋላ ከሳበው፣ እንዴት ይንቀሳቀሳሉ? አሁንም «ማን ላይ?» በሉ። ጋሪው ላይ የፈረሱ መሳብ አለ፣ የጎማው ሰበቃ አለ፤ የመጀመሪያው ከበለጠ ጋሪው ይነሳል። ፈረሱ ደግሞ በኮቴው መሬቱን ወደ ኋላ ይገፋል፣ መሬቱም ፈረሱን ወደ ፊት። በክረምት ጭቃ ላይ ኮቴው ሲያዳልጠው መሬቱን መግፋት ያቅተዋል፤ መሬቱም እሱን በዚያችው ትንሽ ልክ ብቻ ይገፋዋል። ባለጋሪው ወርዶ ከኋላ የሚገፋው ያኔ ነው።