ስጋት የገባው ወንድነት ምንድን ነው?

«ወንድ አይደለህም እንዴ?» ይህችን ጥያቄ ሰው መሀል የተጠየቀ ወንድ ውስጡ የሚፈጠረውን ያውቀዋል። ደሙ ይፈላል፣ ወዲያው የሆነ ነገር አድርጎ ማሳየት ያምረዋል። ስጋት የገባው ወንድነት የሚባለው ይሄ ነው።

ጆሴፍ ቫንዴሎና ጄኒፈር ቦሰን የተባሉ አሜሪካ ያሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ2008 ጽፈውበታል። ሴት ልጅ ካደገች ሴት ናት፣ ማንም አይነጥቃትም፤ ወንድነት ግን ተለፍቶ የሚገኝ፣ በአንድ ቀን ወሬ የሚሄድ ነገር ተደርጎ ይታያል። በሌላ ሙከራቸው የተወሰኑ ወንዶች በገዛ እጃቸው ሹሩባ እንዲሠሩ አደረጉ፣ ሌሎቹን ገመድ አስጎነጎኗቸው። ከዚያ ቦክስ እንዲመቱ ሲደረግ ሹሩባ የሠሩት ጠንከር አድርገው መቱ።

ጅማ ላይ ሹሩባ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፣ ቡና ይበቃል። ቡናውን የሚለቅመውም፣ የሚሸከመውም፣ የሚነግደውም ወንድ ሲሆን ማንም ምንም አይልም። ያው ልጅ ረከቦት ፊት ቁጭ ብሎ ቆልቶ፣ አፍልቶ ከቀዳ ግን «ሴታ ሴት» ይባላል፣ በርጫ ላይም ወሬው እሱ ይሆናል። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይጨምራል፣ ዝም ያለው «አንተስ?» እንዳይባል ፈርቶ ከሁሉም የባሰውን ይናገራል።

ጥላቻው የሚገባው በዚህ በኩል ነው። ሮብ ዊለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ መጠይቅ ሞልተው «መልስህ ወደ ሴት ያደላል» የተባሉ ወንድ ተማሪዎች ስለ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ያላቸው አመለካከት ከሌሎቹ የከፋ ሆኖ ተገኘ። «ወደ ወንድ ያደላል» የተባሉት ሴቶች ግን ለውጥ አላሳዩም። ፒተር ግሊክና ባልደረቦቹ ደግሞ ቀደም ብለው፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ወንድነቱ የተነካ ወንድ የሚብስበት ሴታ ሴት በሚመስለው ግብረ ሰዶማዊ ላይ እንጂ ወንዳ ወንድ በሚመስለው ላይ እንዳልሆነ አይተዋል። እኔን በጣም ያሳሰበኝ ይሄኛው ነው፤ የሚፈራው የሰውየው ፍቅር ሳይሆን ሴት መምሰሉ ነው ማለት ነውና። ትራንስጀንደር በሆኑ፣ ማለትም ሲወለዱ ከተባሉት ጾታ የተለየ የጾታ ማንነት ባላቸው ሰዎች ላይ የሚወርደው ዱላም በከፊል ከዚሁ ይመጣል ብዬ አምናለሁ።

ጥላቻው ሁሉ ከዚህ ብቻ ነው አልልም፤ ሃይማኖትም፣ ሕግም፣ አስተዳደግም አለ። ግን ስድቡ በአብዛኛው የሚወረወረው ሌሎች ወንዶች እንዲሰሙት ስለሆነ፣ እዚያው በርጫው ላይ ያለ የሚከበር ታላቅ ወንድም «ቡና ቢያፈላ ታዲያ ምን ይጠበስ?» ቢል የሚቀጥለው ልጅ የባሰ ነገር ለመናገር ምክንያት ያጣል። ታላላቆቻችን ይህን እንዲሉልን እፈልጋለሁ።