ቀላል እንቅስቃሴና የደም ሥር ጤና፦ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ላለባቸው

ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ሳል፣ አክታና የትንፋሽ ማጠር ነው። ሕመሙ ግን ሳንባ ላይ ብቻ አይቆምም። ሐኪሞች ሲኦፒዲ የሚሉትን፣ የአየር ቧንቧን እያጠበበ የሚሄደውን በሽታ እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው ሞቶበታል። ከታማሚዎቹ መካከል፣ በተለይ ሕመሙ ገና ያልጠናባቸው፣ ብዙዎች የሚሞቱት በልብና በደም ሥር ችግር ነው። ይህ በቂ ትኩረት ያላገኘ ጉዳይ ነው።

ሁለቱን የሚያገናኛቸው ምንድን ነው? አንደኛው ጭስ ነው። የሲጋራም ይሁን የማገዶ፣ ሳንባን የሚጎዳው ጭስ የደም ሥርንም አይምርም። ሳንባ ውስጥ የተነሳው ብግነትም (የአካል መቆጣት) ወደ ደም ይዘልቃል። የኦክስጅን ማነስ ይጨመርበታል። በዚህ ሁሉ ከልብ የሚወጡት ትልልቅ የደም ሥሮች የመለጠጥ አቅማቸውን እያጡ ይደርቃሉ። ድርቀቱ ይለካል፤ የልብ ምት የሚፈጥረው ግፊት ከአንገት እስከ ብሽሽት ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ይታያል። በደረቀ የደም ሥር ግፊቱ ስለሚፈጥን፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ10 ሜትር ካለፈ የደም ሥሩ እንደደረቀ ይቆጠራል። የደረቀ የደም ሥር ልብን ያደክማል፣ ለስትሮክም ያጋልጣል።

ሌላው ምክንያት መቀመጥ ነው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው መንቀሳቀስ ይፈራል። ሲቀመጥ ጡንቻው ይሟሽሻል። ጡንቻው ሲሟሽሽ ትንሽ መንገድ እንኳ ያደክመዋል፤ ስለዚህ ይበልጥ ይቀመጣል። እኛ ቤት ደግሞ ፍቅርም ያስቀምጣል። «እማዬ፣ አንቺ አትነሺ፣ እኔ አመጣዋለሁ» እንላለን። ከልብ ነው የምንለው። ሐኪሞችም ቢሆኑ በአንድ ወቅት ለሳንባ ታማሚ እረፍትን ነበር የሚያዙት።

ቀላል እንቅስቃሴ የሚባለው ዝም ብሎ ከመቀመጥ ከ1.5 እስከ 3 እጥፍ የሚደርስ ጉልበት የሚጠይቅ ነው። ቀስ ብሎ መራመድ፣ ቆሞ ምግብ መሥራት፣ ልብስ ማጠፍ፣ ቤት ውስጥ ጉድ ጉድ ማለት። ስፖርት ቤት አያስፈልግም። ጡንቻ ሲሠራ ደም በፍጥነት ይፈስሳል። ፍሰቱ የደም ሥሩን የውስጥ ሽፋን ሲያሸው ሽፋኑ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫል፤ የደም ሥሩም ይላላል። ጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ለሰዓታት መቀመጥ የእግር ደም ሥሮችን የመስፋት አቅም ይቀንሳል። በየመሀሉ ተነስቶ ጥቂት መራመድ ይህን ይከላከላል።

ሲኦፒዲ ያለባቸውን በተመለከተ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የኮፐንሀገን ጥናት አለ። በሳምንት 2 ሰዓት ያህል በእግር መሄድን ወይም ብስክሌት መንዳትን የሚያክል እንቅስቃሴ የሚያደርጉት ሆስፒታል የመተኛት አደጋቸው ከ30 እስከ 40 በመቶ ያነሰ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ ስለተንቀሳቀሱ ነው የተሻላቸው ወይስ ስለተሻላቸው ነው የተንቀሳቀሱት? እንዲህ ያለው ጥናት ብቻውን አይለየውም። የደም ሥር ድርቀትን በቀጥታ የለኩ የሥልጠና ሙከራዎችም አንድ ዓይነት ውጤት አላመጡም፤ አንዳንዱ ላይ ቀንሷል፣ ሌላው ላይ አልቀነሰም። የመራመድ አቅምና የኑሮ ጥራት እንደሚሻሻል ግን በብዙ ሙከራ ተረጋግጧል። ለእኔ ይህ ብቻውን ለመነሳት ይበቃል።

አቅም የሚለካበት የ6 ደቂቃ የእግር ጉዞ ፈተና ቀላል ነው። 30 ሜትር ኮሪደር፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ምልክት፣ ደቂቃ የሚቆጠርበት የእጅ ሰዓት። ታማሚው የቻለውን ያህል ይመላለሳል። ከደከመው ግድግዳ ተደግፎ ያርፋል፣ ሰዓቱ ግን መቁጠሩን አያቆምም። ከሕክምና በኋላ በ6 ደቂቃ የሚሄደው ርቀት በ30 ሜትር ያህል ከጨመረ ትርጉም ያለው ለውጥ ነው።

ቤት ውስጥ ሲጀመር ትንሽ በትንሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እንቅስቃሴ ቢያንስ 10 ደቂቃ መቆየት አለበት የሚለውን ትቶታል፤ 3 ደቂቃም ይቆጠራል። ትንፋሽ ሲያጥር በአፍንጫ ስቦ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ከንፈርን አሹሎ ቀስ ብሎ ማስወጣት ይረዳል። ማስወጣቱ ከመሳቡ ሁለት እጥፍ ይርዘም። እያወሩ መራመድ ከተቻለ ልኩ ደህና ነው። ደረት ከወጋ፣ ካዞረ ወይም ከንፈር ከጠቆረ ቆሞ ሐኪም ማየት ግድ ነው። ሕመሙ በተነሳበት ሰሞንም ከሐኪም ጋር መመካከር ያስፈልጋል።

አገራችን ውስጥ ሲጋራ ነክተው የማያውቁ፣ በማገዶና በኩበት ጭስ እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ እናቶችም በዚህ ሕመም ይያዛሉ። ለእነሱ ጭስ ያለበት ማድቤት ውስጥ ጉድ ጉድ ማለት መፍትሔ አይደለም። በረንዳው ወይም ግቢው ይሻላል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ከቆላ የመጣ ታማሚ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዳገቱን ትቶ ሜዳ ሜዳውን ቢሄድ ይመረጣል።