«በጥበቃ ሥር» እና «በፍርድ የታሰረ» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ልጇን ለመጠየቅ አገልግል አንጠልጥላ ከማቻከል ደብረ ማርቆስ የምትመጣ እናት «ገና ስላልተፈረደበት አያስገቡኝ ይሆን?» ብላ ብትጨነቅ አይፈረድባትም፤ የሕጉ ቃል ራሱ ያደናግራል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 «በጥበቃ ሥር ያሉ» ሲል ጉዳያቸው ገና ሳይወሰን የተያዙትን፣ «በፍርድ የታሰሩ» ሲል ደግሞ እስራት የተወሰነባቸውን ማለቱ ሲሆን፣ ለሁለቱም የሰጠው መብት ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ሰብአዊ ክብራቸው ተጠብቆ መያዝ፣ እንዲሁም ከትዳር ጓደኛ፣ ከቅርብ ዘመድ፣ ከጓደኛ፣ ከሃይማኖት አማካሪ፣ ከሐኪምና ከሕግ አማካሪ ጋር መገናኘትና በእነርሱ መጎብኘት ነው። የንስሐ አባቱም ሆኑ ጠበቃው የሚገቡት በዚሁ አንቀጽ ነው።

ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ተከሶ ፍርድ የሚጠብቅ ሰው በአንቀጽ 20 መሠረት እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም፤ የተፈረደበት ይህን ግምት ያጣል እንጂ ክብሩን አያጣም። በር ላይ አገልግሉ ተከፍቶ እንጀራው ገለጥ ገለጥ ተደርጎ ቢፈተሽ የጥበቃ ሥራ ነው (በአክብሮት ቢሆን ደግ ነበር)፤ የመጠየቂያ ሰዓትም ሊወሰን ይችላል። «ፍርደኛ ነውና ጠያቂ አይገባውም» ማለት ግን አንቀጹ የማያውቀው ክልከላ ነው።