ኢንትሮፒ በተለያዩ የጥናት መስኮች

ኢንትሮፒ በፊዚክስ ተወልዶ ወደ ኢንፎርሜሽን ንድፈ ሐሳብ፣ ወደ ሥነ ምኅዳርና ወደ ኢኮኖሚክስ የተሻገረ ጽንሰ ሐሳብ ነው፤ በደረሰበት መስክ ሁሉ ግን የያዘው ትርጉም አንድ አይደለም።

ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1865 ያወጣው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሩዶልፍ ክላውዚየስ ሲሆን፣ መሠረቱ ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ በ1824 ስለ ሙቀት ሞተሮች ያሳተመው ጥናት ነው። ክላውዚየስ የሚተላለፈውን ሙቀት በኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ በሚጀምረው መለኪያ) ለተለካው የሙቀት መጠን አካፈለ፤ ውጤቱም የኢንትሮፒ ለውጥ ነው። 100 ጁል ሙቀት 400 ኬልቪን ከሆነ ግዙፍ አካል ወደ 300 ኬልቪን ቢተላለፍ፣ ሞቃቱ 0.25 ጁል በኬልቪን ሲያጣ ቀዝቃዛው 0.33 ገደማ ያገኛል። ሙቀቱ አልጨመረም፤ ጠቅላላ ኢንትሮፒው ግን ጨምሯል። ሙቀት በራሱ ከቀዝቃዛ ወደ ሞቃት የማይሄደው ይህ ድምር እንዲቀንስ ስለሚያደርግ ነው።

ኢንትሮፒ ለምን እንደሚጨምር ያስረዳው ኦስትሪያዊው ሉድቪግ ቦልትዝማን ነው። በእርሱ እይታ ኢንትሮፒ የሚለካው፣ ከውጭ አንድ መስሎ የሚታይ ሁኔታ ከውስጥ በስንት ዓይነት የሞለኪውሎች አቀማመጥ ሊገኝ እንደሚችል በመቁጠርና የቁጥሩን ሎጋሪዝም በመውሰድ ነው። በሳጥን ውስጥ ካሉ 100 የጋዝ ሞለኪውሎች ሁሉም በአጋጣሚ በግራው ግማሽ የሚገኙበት ዕድል፣ 100 የ2 ቁጥሮች እርስ በርስ ተባዝተው ለሚገኘው ባለ 31 አኃዝ ቁጥር አንድ እጅ ነው። ስለዚህ ሕጉ ከክልከላ ይልቅ የዕድል ስሌት ነው። ቀመሩ በቪየና በሚገኘው መቃብሩ ላይ ተቀርጿል። ኢንትሮፒን «ሥርዓት ማጣት» ብሎ መተርጎም የተለመደ ቢሆንም አሳሳች ነው፤ ዘይትና ውኃ ሲለያዩ ለዓይን ሥርዓት የያዙ ቢመስሉም፣ የውኃው ሞለኪውሎች አማራጭ አቀማመጥ ስለሚበዛ ጠቅላላው ኢንትሮፒ ይጨምራል።

አሜሪካዊው ክላውድ ሻነን በ1948 ተመሳሳይ ቀመር ለመልእክት ተጠቀመበት። በእርሱ መለኪያ ሚዛናዊ ሳንቲም አንድ ጊዜ ሲወረወር ውጤቱ 1 ቢት (የመረጃ መለኪያ አሃድ) ኢንትሮፒ አለው፤ ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ በአንድ ገጹ የሚወድቅ ሳንቲም ግን፣ ውጤቱ አስቀድሞ ሊገመት ስለሚችል፣ 0.47 ቢት ብቻ ነው። ፋይል መረጃ ሳይጠፋበት በአማካይ እስከ ምን ያህል ሊጨመቅ እንደሚችል የሚወስነውም ይኸው መጠን ነው። ዝምድናው የቀመር መመሳሰል ብቻ አይደለም፤ ሮልፍ ላንዳወር በ1961 አንድ ቢት መረጃ መደምሰስ የተወሰነ ዝቅተኛ ሙቀት ወደ አካባቢው ሳይለቅ እንደማይፈጸም አመልክቷል። ያዕቆብ ቤከንስታይንና ስቲቨን ሆኪንግ ደግሞ በ1970ዎቹ የጥቁር ጉድጓድ (ብርሃን እንኳ የማያመልጠው የሕዋ አካል) ኢንትሮፒ ከመጠነ ይዘቱ ሳይሆን ከወሰኑ ስፋት ጋር እንደሚመጣጠን አሳዩ።

የሥነ ምኅዳር ተመራማሪዎች የሻነንን ቀመር የዝርያዎችን ብዝኃነት ለመለካት ይጠቀሙበታል፤ ይህ ስሌቱን መዋስ እንጂ ስለ ሙቀት መናገር አይደለም። በኢኮኖሚክስ ኒኮላስ ጆርጀስኩ-ሮገን በ1971 ምርት ጠቃሚ ኃይልን መልሶ ወደማይሰበሰብ መልክ ይለውጣል ሲል ተከራከረ። ስለ ነዳጅ ሲነገር ክርክሩ በፊዚክሱ ላይ ይቆማል፤ ስለ ማዕድን ግን፣ በቂ ኃይል ካለ የተበተነን ቁስ መልሶ መሰብሰብ በመርህ ደረጃ ስለሚቻል፣ ብዙ ተቃውሞ ገጥሞታል።