«የገደለው ባልሽ፣ የሞተው ወንድምሽ»

ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል። የጎረቤታችን እማማ ቴሌቪዥን ላይ የውጭ ፊልም እያየን ነው። ሰውየው የሚስቱን ወንድም ገድሎ ሞት ተፈርዶበታል። እጁ ታስሯል። ግድግዳው ላይ ሰዓት አለ፣ ከሰዓቱ ሥር ስልክ። ምሕረት ከመጣ በዚያ ስልክ ነው የሚመጣው። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ውጠዋል። እማማ ግን ሆጃቸውን እየቀዱ፣ «አቦ፣ ሚስትየውን አታሳዩንም እንዴ?» አሉ። ከዚያ ለራሳቸው ያህል፦

«የገደለው ባልሽ፣ የሞተው ወንድምሽ፣
ሐዘንሽ ቅጥ አጣ፣ ከቤትሽም አልወጣ።»

ዛሬ ይህን የምንለው የራስ ሰው የራስን ሰው ሲጎዳ ነው። ወንድማማቾች በውርስ ቤት ሲካሰሱ፣ እናት መሐል ስትቀር። አገጣጠሙ ግን የሙሾ ነው፤ «ሽ» እያለ የሚያናግረው አንዲት ሴትን ነው። «ቅጥ አጣ» ማለት ሥርዓት አጣ ነው። ለቅሶ ወግ አለው፤ ሟች ይለቀሳል፣ ገዳይ ይረገማል። እሷ የትኛውን ታድርግ?

ነገሩ የሚከብደው ደግሞ የድሮውን ፍርድ ስናስብ ነው። በፍትሐ ነገሥት ዘመን ነፍሰ ገዳይ ከተፈረደበት በኋላ ለሟች ዘመድ፣ ለባለደም ይሰጥ ነበር። ባለደሙ ይገድለዋል፣ ወይም የደም ዋጋ ተቀብሎ ይምረዋል። እኛ ሰፈር ጉማ የምንለውን ዓይነት ማለት ነው። እንግዲህ ሴትየዋ እህት ናትና ከባለደሞቹ ወገን ናት፤ ሚስትም ናትና ምሕረት ከሚለምኑት።

አሁን ባለደሙ መንግሥት ሆኗል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የሞት ቅጣት በአደባባይ በስቅላት እንዳይፈጸም ከልክሏል፤ ርዕሰ ብሔሩ ካላጸደቀውም አይፈጸምም። የፊልሙ ስልክ በእኛ አገር ፊርማ ነው ልበል? በ2003 ዓ.ም. በደርግ ባለሥልጣናት ላይ የተፈረደው ሞት በፕሬዚዳንቱ ውሳኔ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጧል። በ1999 ዓ.ም. ግን የደኅንነት ሹሙን ክንፈ ገብረመድኅንን የገደለው መኮንን ተረሽኗል።

ፊልም ሠሪ ይህን ሁሉ በአንድ ስልክ ይገላገለዋል። ሰዓቱን ያሳየናል፣ ላቡን ያሳየናል። ለቅሶ ቤቱ ጋ ሲደርስ ካሜራው ይዞራል።

ስልኩ ጮኸ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እማማ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«አሁንስ ወዴት ነው የሚመጣው? ቤቷ?»