ቁርጥ፣ ኮሶ እና የቄራ ማኅተም

ጥሬ የበሬ ሥጋ እኛ ጋ ስሙ ብዙ ነው። በድሮው አነጋገር ብርንዶ ነው። ከተማ ውስጥ ቁርጥ ይባላል። በቅቤና በአዋዜ ሲታሽ ጎረድ ጎረድ ይሆናል። በጉራጌ ቤት ደግሞ በቢላ ደቅቆ፣ በንጥር ቅቤ፣ በሚጥሚጣና በኮረሪማ ተለውሶ ክትፎ ይሆንና ከቆጮና ከአይብ ጋር ይቀርባል። በዚህ ምግብ ላይ ሰው የማይስማማበት ነገር ሞልቷል። ሥጋ ጨርሶ ይቅር የሚል ሰው ግን ጥቂት ነው። የሚያከራክረው ማን አረደው፣ በምን ቀን ይበላል፣ ጥሬ ይሁን ወይስ ለብለብ የሚለው ነው።

ከሥጋ ቤት በፊት ቅርጫ ነበር። አሁንም አለ። ለገና፣ ለፋሲካ ወይም ለመስቀል ጎረቤት ወይም የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ገንዘብ ያዋጣል። በሬ እናውቃለን የሚሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ገበያ ይላካሉ። ሻኛውን ይጨብጣሉ። ጎኑን ይዳስሳሉ። ወዲያ ወዲህ ያስኬዱታል። በሬው በዋዜማው ግቢ ውስጥ ታስሮ ያድርና ገና ጎህ ሳይቀድ ይታረዳል። መሬት ላይ የኮባ ቅጠል፣ ከሌለም ላስቲክ ይነጠፋል። ከዚያ ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፈላል፤ ከሽንጡም፣ ከዳቢቱም፣ ከጎድኑም፣ ከጨጓራውም ለሁሉም እንዲደርስ ተደርጎ። በመጨረሻ ዕጣ ይጣላል። እያንዳንዱ ሰው ምልክቱን ይሰጣል፦ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ የጠርሙስ ቆርኪ፣ የተሰነጠቀ እንጨት። የማንን እንደያዘ የማያውቅ ልጅ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ያስቀምጠዋል። "የኔ አጥንት በዛበት" ብሎ የሚያጉረመርም አይጠፋም። ጉበቱ ግን ዕጣ የሚጠብቅበት ትዕግሥት የለውም። ሥጋው ገና እየተመደበ በሚጥሚጣ ያልቃል።

የቅርጫ ትልቁ መተማመኛ በሬው በእግሩ ሲሄድ መታየቱ ነው። ይህን መናቅ አይገባም። አባ ሰንጋ የሚባለው በሽታ በምግብ በኩል ወደ ሰው የሚገባው በአብዛኛው ታሞ ሊሞት ሲል የታረደ ወይም ሞቶ የተገኘ ከብት ሲበላ ነው። ገበያ ወርዶ ጤነኛ በሬ የመረጠ ሰው ከዚህ ራሱን በደንብ ይጠብቃል። ዓይን የማያየው ሌላ ነገር ግን አለ። እሱም ኮሶ ነው።

የኮሶ ትል፣ በሳይንስ ስሙ ቴንያ ሳጂናታ፣ በበሬው ጡንቻ ውስጥ ውሃ የቋጠረች፣ አተር የምታህል ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ሰው ሥጋውን በጥሬው ሲበላ ከረጢቷ አንጀት ውስጥ ትከፈታለች። በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ትሉ ብዙ ሜትር ይረዝማል። ከዚያ ጠፍጣፋ ክፍልፋዮቹ እየተቆረጡ ይወጣሉ፤ አንዳንዴም በራሳቸው እየተንፏቀቁ። ሰው ኮሶ እንዳለበት የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ይህን አይቶ ነው እንጂ በሕመም አይደለም። በክፍልፋዮቹ ውስጥ ያለው እንቁላል ሜዳ ላይ ሲወድቅ በሬ ከሣር ጋር ይበላዋል። ክቡ ገጠመ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ይህ ትል አድጎ እንቁላል የሚጥለው በሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። በሬው የሚያገኘው ከሰው ነው፤ ሜዳ ላይ ከተጸዳዳ ሰው። ስለዚህ የጥሬ ሥጋ ጉዳይ ከወጥ ቤቱ በፊት የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ ነው። ክርክሩ ሁልጊዜ ሳህኑ ላይ ሲያተኩር ይገርመኛል። ከብት በሚሰማራበት አካባቢ ሽንት ቤት ቢኖርና ሰው ቢጠቀምበት፣ በሚጥሚጣው ላይ የምናባክነው ጭቅጭቅ ግማሹ ይቀር ነበር።

አባቶች ትሉን የተቋቋሙት በዛፉ ነው። የትሉም የዛፉም ስም ኮሶ መሆኑ ያለ ነገር አይደለም። ቀላ ያለው የሴቴዋ ዛፍ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ልማዱ በየሁለት ወሩ ነበር። ትሉ ለማደግ ከሚፈጅበት ጊዜ ጋር ሲተያይ ቆጠራው የዋዛ አይደለም። የጠጣ ሰው ያን ቀን ቤቱ ይውላል። ምሬቱ ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል፤ ያንገፈገፈንን ነገር ዛሬም "እንደ ኮሶ መረረኝ" እንላለን። መሸጡ ግን ክብር አልነበረውም። ዐፄ ቴዎድሮስን ባላንጦቻቸው "የኮሶ ሻጭ ልጅ" እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዛፉን ለአውሮፓ አስተዋወቀ፤ በ19ኛው ደግሞ የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች አበባውን ይሸጡት ጀመር። እንቆቆና መተሬም ለዚሁ ሥራ የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው። ኮሶ መጠኑ ካለፈ መርዝ ነውና ዛሬ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ቦታውን ይዟል። የከተማ ሰው ፋርማሲ ጎራ ብሎ "የኮሶ መድኃኒት" ይላል፤ አለቀ።

ጥሬ ሥጋ ከየት መጣ ለሚለው ሁሉም ሰው የሚያውቀው ተረክ አለ። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ወታደሩ ጭሱ እንዳያጋልጠው ሥጋውን ሳያበስል በላ፤ በዚያው ለመደ ይባላል። ጥሩ ታሪክ ነው። ችግሩ ዘመኑ አይገጥምም። የሽምብራ ኩሬ ጦርነት በፈረንጅ 1529 ነው። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1520 የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ በመኳንንት ግብር ላይ ጥሬ ሥጋ ሲበላ ማየቱን ጽፏል። የበሬ ሐሞት የገባበት ማባያ እንደነበረውም ያነሳል። ስለዚህ ልማዱ ከጦርነቱ ይቀድማል። ብሩስ በበኩሉ ከቆመች ላም ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ብሎ አገሩ ሲያወራ ብዙ ሰው አላመነውም ነበር።

አሁን ወደ ከተማው እንምጣ። ከተማ ውስጥ በሬውን በእግሩ ሲሄድ ያየ የለም። ሥጋ ቤት ገብተን የምናየው የተንጠለጠለውን ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰው ሥጋ ቆራጭ ቢላውን በሞረዱ ሁለት ጊዜ አፋጭቶ "ከየቱ ላድርግልህ?" ይላል። ደንበኛው በጣቱ ያሳያል፦ "ከሻኛው ትንሽ፣ ከጭቅናው፣ ጮማ ጣል አድርግበት።" አዋዜው፣ ሰናፍጩ፣ እንጀራው ይከተላል። "የዛሬ ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ነው። ማኅተሙን ገልብጦ የሚያይ ግን ብዙም አላጋጠመኝም።

ማኅተሙ የቄራው ሐኪም ምስክር ነው። የሥጋ ምርመራ አዋጅ በፈረንጅ 1970 ወጥቷል። ከብቱ ከመታረዱ በፊት በቁሙ ይታያል። ከታረደ በኋላ መርማሪው የመንጋጋውን ጡንቻ፣ ምላሱን፣ ልቡንና ትከሻውን ሰንጥቆ ከረጢት ይፈልጋል፤ ሳንባና ጉበቱንም ያያል። ሥራው ጠቃሚ ነው፤ ወሰን ግን አለው። አንድ በሬ ሙሉ አካሉ ሊሰነጠቅ አይችልም። ከረጢቶቹ ጥቂት ከሆኑ ያመልጣሉ። በየጓሮው የሚታረደው ደግሞ ይህችንም አያገኝም።

ሐኪሞች የሚሉት አጭር ነው፦ አብስሉት። ሥጋው እስከ መሐሉ ከ60 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ከረጢቷ ትሞታለች። ማብሰል ካልፈለጋችሁ ደግሞ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ለ10 ቀን ያህል አቀዝቅዙት። ይህን ለቁርጥ ወዳጅ መንገር ቡናን አቀዝቅዘህ ጠጣ እንደማለት ነው። የቁርጥ ጣዕሙ ትኩስነቱ ነው። ፈረንጅ ሥጋውን ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ለሳምንታት አቆይቶ ያለሰልሳል፤ እኛ የዛሬውን ዛሬ እንፈልጋለን።

በላተኛውም መልስ አያጣም። "አረቄው ይገድለዋል" ይላል። "ሚጥሚጣው ያቃጥለዋል" ይላል። አይገድሉትም፤ አያቃጥሉትም። ለብለብም ቢሆን ሽማግሌ ገላጋይ ነው እንጂ ማብሰል አይደለም። ቅቤው ውስጥ ሞቅ ያለ ክትፎ ውስጡ ጥሬ ነው።

አንድ ነገር ግን በደንብ ሲነገር አልሰማሁም። ሳልሞኔላና ኢ ኮላይን የመሰሉ ባክቴሪያዎች በአብዛኛው የሚቀመጡት በሥጋው ገጽ ላይ ነው፤ ከአንጀት፣ ከቆዳ፣ ከእጅ፣ ከቢላ ተነክተው። ትልቅ ጡንቻ ሲሆን ውስጡ ንጹህ ይሆናል። ሲከተፍ ግን ላይ የነበረው መሐል ይገባል። በዚህ ሚዛን ክትፎ ከቁርጥ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እኔ የክትፎ ወገን ነኝና ይህን የምጽፈው ደስ እያለኝ አይደለም። የመክተፊያው እንጨት፣ የቧንቧው ውሃ፣ ሂሳብ ተቀብሎ ወደ ሥጋው የሚመለሰው እጅ፣ ዝንቡ፤ ከኮሶ ይልቅ ሰውን ቶሎ የሚጥሉት እነዚህ ናቸው።

ከበሬው ወገንም ክርክር አለ። በ2013 ዓ.ም. የስታትስቲክስ ቆጠራ ግምት ኢትዮጵያ ውስጥ 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት ነበር፤ ከአፍሪካ አንደኛ። ከዚህ ውስጥ ለሥጋ ተብሎ የሚረባው ጥቂት ነው። በሬ መጀመሪያ ያርሳል፤ ሲያረጅ ይደለብና ይሸጣል። የሐረር ሰንጋ ስሙ የገነነው ገበሬው ደጁ ላይ አስሮ የማሽላ ቃርሚያና ቅጠል በእጁ እያጎረሰ ስለሚያደልበው ነው። የቦረና ከብት ደግሞ በሥጋ ዝርያነቱ ከአገር ውጭ ሳይቀር የታወቀ ነው። በፈረንጅ 2011 የወጣው የመንግሥት የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስልት ከብት የሚያወጣውን ሚቴን ጋዝ አንስቶ የዶሮ ሥጋ ድርሻ ከፍ እንዲል ሐሳብ አቀረበ። ለበሬ ወዳጅ ዶሮ ወጥ የበዓል ክብር ነው፤ የቁርጥ ምትክ ግን አይሆንለትም። በዚያ ላይ በፈረንጅ 2015 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ቀይ ሥጋን "ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም" ከሚላቸው መደበ። እኛ ሰፈር ከዚህ ይልቅ የሚፈራው ሪህ ነው። ሥጋ ያበዛ ሰው የእግሩ አውራ ጣት ሲያብጥ ጎረቤቱ ምርመራውን ጨርሶ ይጠብቀዋል።

የንግዱ ነገር ለብቻው ነው። ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች ወደ ዐረብ አገሮች የሚጫነው ሥጋ በአብዛኛው የፍየልና የበግ ነው። በፈረንጅ 2000 በሳዑዲና በየመን ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፈው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሲነሳ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ እንስሳ አናስገባም ብለው ገበያው ወድቆ ነበር። አሜሪካ ያሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ክትፎን በጥሬው ያቀርባሉ፤ ምናሌው ግርጌ ላይ ግን ያልበሰለ ሥጋ ለሕመም ሊያጋልጥ እንደሚችል በትንሹ ተጽፏል።

ሃይማኖት የራሱን መስመር ያሰምራል። ሥጋ ቤቱ በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ይሣላል። አንዱ "በስመ አብ" ብሎ ያርዳል፤ ሌላው "ቢስሚላህ" ብሎ። አንዱ የሌላውን አይበላም፤ ቄራውም ለየብቻ ያርዳል። ቤተ እስራኤል ደግሞ ደም መብላት በኦሪት ስለተከለከለ ብርንዶን አይነኩም ነበር። ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ከሚለዩባቸው ነገሮች አንዱም ይኸው ነው። በሙስሊም ጉራጌ ቤት ግን ክትፎው እንደ ክርስቲያኑ ቤት ይከበራል።

ከሁሉ የሚበረታው ቀን መቁጠሪያው ነው። ተራው ምእመን በዓመት 180 ቀን ገደማ ይጾማል። ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፤ ዐቢይ ጾም 55። በዋዜማው ሳምንት ቅበላ ይሆናል። ሥጋ ቤቱ በር ላይ ሰው ይደረደራል። ቆራጩ ክንዱ እስኪዝል ይቆርጣል፤ ዋጋውም አብሮ ይወጣል። እሑድ ማታ የመጨረሻው ጎድን ሲያልቅ መንጠቆዎቹ በፈላ ውሃ ይታጠባሉ፤ የቆርቆሮው በር ይወርዳል። ሰኞ ጠዋት በዚያው በር ሲያልፉ ከጎን ያለው ምግብ ቤት በየዓይነቱ አለ የሚል ሰሌዳ አውጥቷል።