ኤአይን «ማሰልጠን» ምንድን ነው?

«ቻትጂፒቲን በቢሯችን ፋይሎች አሰልጥነነዋል» የሚሉ ጠበቆች በዝተዋል። አንዱማ «የሰበር ቅጾችን (የሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎች የታተሙባቸውን መጻሕፍት) በሙሉ ጭኜበታለሁ፤ ከእንግዲህ ጀማሪ ጠበቃ መቅጠር ቀርቷል» ብሎ ጻፈ። ወንድሜ፣ ጫንክ እንጂ አላሰለጠንክም።

ባሕር ዳር ውስጥ የጠበቃ ቢሮዎች እነዚህን መሣሪያዎች እንዲለምዱ ማገዝ ሥራዬ ነውና ልዩነቱን በአገራችን ምሳሌ ላስረዳ። ጎጃም አይደለን? ሞዴሉ፣ ማለትም ከቻትጂፒቲ ጀርባ ሆኖ መልሱን የሚጽፈው ፕሮግራም፣ ዳዊቱን በቃሉ የያዘ የቆሎ ተማሪ ነው። ስልጠናው የኔታ ዘንድ የቆየበት ዘመን ነው፤ ያኔ የገባው ገብቷል፣ ከጉባኤ ቤቱ ከወጣ ወዲህ አይጨመርበትም። አንተ ፋይል ስትጭን መጽሐፍ ፊቱ ዘረጋህለት። አንብቦ ይመልስልሃል፤ አዲስ ውይይት ስትከፍት መጽሐፉ ተከድኗል። (የሚያስታውሱ አሉ ትለኝ ይሆናል፤ እሱም ተማሪው በጎን የያዘው ደብተር ነው፣ የቃል ትምህርት አይደለም።) መጽሐፉ ወፍራም ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁሉንም አያየውም፤ መሣሪያው ከጥያቄህ ጋር ይቀራረባል ያለውን ገጽ መርጦ ይገልጥለታል። ትክክለኛው ገጽ ካልተገለጠስ? ተማሪው ዝም አይልም፣ ቅኔ ይዘርፋል። ቤት ይመታል፣ ልኩም ይገጥማል፣ የሰበር መዝገብ ቁጥር ሳይቀር ይኖረዋል፤ መዝገቡ ግን የለም። በ2023 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆችና ቢሯቸው ቻትጂፒቲ እንዲህ የፈጠራቸውን፣ የሌሉ ውሳኔዎች ለፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል።

«እንግዲያው የእውነት እናሰልጥነው» ባይም አይጠፋም። ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ተጨማሪ ስልጠና ይበልጥ የሚያስይዘው አጻጻፍን ነው፤ የክስ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጀመር፣ መቃወሚያ የት ቦታ እንደሚገባ። በአንቀጽ ቁጥር ግን አይታመንም። ሕግ ደግሞ ይሻራል። የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ 133/1998 በ252/2009 ተተክቷል፤ አሮጌውን በቃሉ የያዘ ሞዴል በሙሉ ልብ 133ን ሊጠቅስልህ ይችላል። የተጫነ ፋይል መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው፤ በስልጠና የገባን ነገር ማስረሳት ግን ጭንቅ ነው።

ለነገሩ የቢሮዎቻችን ችግር ገና ፋይሉ ላይ ነው። ስካን የተደረገ ቅጽ ለማሽኑ ሥዕል ነው፣ የግዕዝ ፊደል ከሥዕሉ ላይ በማሽን ሲለቀም ደግሞ ስህተቱ ብዙ ነው። ጽሑፍ ሆኖ ቢገኝም አንዱ ገጽ «ሕግ» ሌላው «ህግ» ይላል፤ ሞክሼ ፊደል ያልተስተካከለለት ፍለጋ አንዱን ሲያገኝ ሌላውን ይዘለዋል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 1234/2013 በእንግሊዝኛው፣ ዓመቱ በፈረንጅ ስለሚቆጠር፣ 1234/2021 ነው፤ መሣሪያው ሁለት አዋጅ አድርጎ ሲያነጻጽራቸው አይቻለሁ። በዚሁ አዋጅ አስገዳጅ የሚሆነው ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የተሰጠ የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም ነው፤ ስንት ዳኛ እንደተሰየመ ገጹን ገልጦ ማየት ያንተ ፋንታ ነው።

«ካላሰለጠንኩትማ የደንበኛዬ ምስጢር አይወጣም» ብለህ ደግሞ እንዳትዘናጋ። አንተ ባታሰለጥነውም ኩባንያው ሊያሰለጥነው ይችላል። በነጻ የሚሰጡት አገልግሎቶች ብዙዎቹ፣ ካልከለከልካቸው፣ የጻፍከውን ለቀጣዩ ሞዴል ማሰልጠኛ ሊያውሉት ይችላሉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቷል፣ የጠበቃ ምስጢር ጠባቂነትም ድሮም ነበረ። የፍቺ መዝገብ ከመጫንህ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ያንን ፈቃድ አጥፋ፤ የባልና የሚስቱንም ስም ከፋይሉ አውጣ።